የግራው ጥቅል

“ቶዋ! ነጩ ሸሚዜ የት ነው?”

“ስምንት መቶ አርባ ሁለት” አለች ቶዋ ከፎቅ።

ሎክ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቀ። በዚህ ቤት ለጥያቄ ቁጥር ከተመለሰ ትርጉሙ “ዝም በል” ነው፤ ይህን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ቶዋ በግራ እጇ ጣቶች የመዳቡን ሽቦ እየመራች፣ በቀኟ የመጠቅለያውን እጀታ እያዞረች ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ሽቦው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። አንዱ ዙር በሌላው ላይ ከተደረበ ወይም ቁጥሩ ከተሳተ የሦስት ቀን ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ዘጠኝ መቶ ላይ ስትደርስ ሽቦውን በፕላስተር አሰረችና ቀና አለች።

“ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ትናንት አሳይቼሃለሁ እኮ።”

“ትናንትና ዛሬ አንድ ነው? ዛሬ ጭንቅላቴ የት አለ?”

አይፈረድበትም። በአራት ሰዓት አባባ ሳን አምፕሊፋየሩን ሊሰሙ ይመጣሉ። አባባ ሳን ቾሎን ሰፈር ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ትራንስፎርመር የጠቀለሉ ሰው ናቸው፤ በሳይጎን ከተማ ቤቱ ቁጭ ብሎ አምፕሊፋየር የሚሠራ ሁሉ እሳቸውን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ልጆቻቸው የሞባይል ነጋዴዎች ሆነው ሽቦ መንካት አይፈልጉም። ስለዚህ ለአዲስ ዓመቱ የቴት በዓል ሱቃቸውን ለዘለቄታው ሊዘጉ ነው፤ ከመዝጋታቸው በፊት ግን ማሽናቸውንና የሃምሳ ዓመት የዙር ቁጥሮች የሰፈሩበትን ደብተር ለአንድ ሰው ማውረስ ይፈልጋሉ። ግዴታም አለው። ወራሹ እስከ በዓሉ ድረስ በየጠዋቱ አጠገባቸው ተቀምጦ መማር አለበት። “የምሰጠው ለእጁ ነው እንጂ ለስሙ አይደለም” ብለዋል አሉ።

ስሙ የሎክ ነው። እጁ ግን የቶዋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ቶዋ ከማግባቷ በፊት የቬንትሌተር ሞተር በሚጠቀለልበት ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሎክ ደግሞ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። እሱ ባለ መስታወት አምፖል አምፕሊፋየር መሥራት ሲጀምር ከገበያ የሚገዛው ትራንስፎርመር ድምፁን አፈነበት። በእንዲህ ያለ አምፕሊፋየር ሙዚቃው ወደ ስፒከሩ የሚያልፈው በዚያ የመዳብ ጥቅል ውስጥ ነው፤ ጥቅሉ ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። ቶዋ “እስቲ እኔ ልሞክረው” አለች። ከዚያ በኋላ የተቃጠሉ የጃፓን ትራንስፎርመሮችን ከናት ታዎ ገበያ በኪሎ እየገዛች፣ ዙር በዙር እየፈታችና እየቆጠረች ራሷን አስተማረች። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ድምፁን ሰምቶ ሲደነቅ “ይሄን ማን ጠቀለለው?” ብሎ ጠየቀ። ሎክ “እኔ” አለ። ቶዋ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ደንበኛው ሲሄድ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺ “እኔ” ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሞላት።

መጀመሪያ ግድ አልነበራትም። ቤቱ አንድ፣ ኪሱ አንድ። ሎክም ክፉ ባል አይደለም፤ አይጠጣም፣ ልጃቸው ሊን በታመመች ጊዜ ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ወለል ላይ የተኛው እሱ ነው። እያደር ያንገበገባት ሌላ ነገር ነበር። የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ጥቅሎቿ በበጋ ልክ ሆነው፣ በዝናብ ወራት ግን በዚያው ሽቦ፣ በየድርቡ መሀል በሚገባው በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ቁጥር ወፍረው የትራንስፎርመሩ ብረት ውስጥ አልገባ ይላሉ። ለምን? የሎክ ጓደኞች እሑድ እሑድ ታች ተሰብስበው ስለ ጥቅል ሲከራከሩ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ግማሹን ስህተት ይናገራሉ፤ እሷም ወጥ እንደምታማስል ሴት ዝም ትላለች። አባባ ሳን ግን ያውቃሉ። አንድ ጠዋት እንኳ አጠገባቸው ብትቀመጥ ምን ነበረበት!

“እኔ ሄጄ እማራለሁ” ብሏት ነበር ሎክ ባለፈው ሳምንት። “ማታ ማታ ደግሞ ላንቺ እነግርሻለሁ።”

“እጅ እንዴት ይነገራል?”

ሎክን ኅሊናው ሳይቆረቁረው አልቀረም መሰለኝ፣ አባባ ሳን ከሚሰሙት አምፕሊፋየር ሁለት ትራንስፎርመሮች መሀል የቀኙን ራሱ ለመጠቅለል ተነሣ። “ቢያንስ ግማሹ እውነት ይሁን” አለ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፎቁን ዘግቶ ዋለ። ቶዋ ልትቆጥርለት ብትለምነውም አላስገባትም። ሲወርድ ጣቶቹ በሽቦ ተቆራርጠው ነበርና አንጀቷን በላው፤ ምንም ሳትጠይቀው ፕላስተር ለጠፈችለት።

* * *

አባባ ሳን ልክ በአራት ሰዓት መጡ። ያመጣቸው ቢን ነው፤ ቢን በገበያው ውስጥ ያገለገሉ የጃፓን ዕቃዎች የሚሸጥ፣ የሎክ የረጅም ጊዜ ጓደኛ፣ አፉ እንደ ሱቁ ክፍት የሆነ ሰው ነው። ሽማግሌውን ከሞተር ብስክሌቱ ኋላ አፈናጥጦ እስከ ቅያሷ መጨረሻ ድረስ ጥሩምባ እየነፋ ገባ።

“ሎክ! ንጉሥ ይዤልህ መጥቻለሁ፣ ምንጣፍ አንጥፍ!”

“ዝም በል አንተ! እትዬ ባይን ልትቀሰቅሳት ነው?” አለ ሎክ።

ጎረቤታቸው እትዬ ባይ እሑድ ጠዋት ካራኦኬ ካልዘፈነች አይሆንላትም። ዛሬ እንድትተው ቶዋ ማለዳ አንድ ትልቅ የዱሪያን ፍሬ ወስዳላት ነበር። ያን የሚያህል ዱሪያን በርካሽ አይገኝም፤ ዝምታው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

አባባ ሳን ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ፣ ጆሯቸው ትልልቅ ሽማግሌ ናቸው። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ቶዋ በረዶ ያለው ቡና ሰጠቻቸው። ተቀብለው እጇን አየት አደረጉ። የግራ አመልካች ጣቷ ላይ ሽቦው ለዓመታት ያለፈበት ጭረት አለ።

ሎክ አምፕሊፋየሩን አበራ። አምፖሎቹ ቀስ እያሉ ቀላ ቀላ አሉ። የአንዲት የደቡብ ዘፋኝ አሮጌ ሸክላ አስቀመጠና መርፌውን አወረደ።

ቶዋ ወጥ ቤት መጋረጃው ጋ ቆማ ነበር። ሦስት ቃል ሳይዘፈን ስህተቱን ሰማችው። ዘፋኟ ከሁለቱ ስፒከሮች መሀል መቆም ሲገባት ወደ ሁለቱ ግድግዳዎች ተበትና ቀረች። ድምጿ በየቦታው አለ፤ ሴትየዋ ግን የትም የለችም። ከበሮውም ሥጋው ተገፎ ቆዳው ብቻ ነው የሚሰማው።

“አንተ፣ ቤዙ ገበያ ሄዷል እንዴ?” አለ ቢን።

ሎክ “ገመዱ ይሆናል” አለና ተንበረከከ። ቀዩ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር ገብቷል። ልክ ነው።

“አምፖሉ ነው! የሩሲያውን አድርግ አላልኩህም?” ቢን ከኪሱ ሁለት አምፖል በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ ነበር። ሎክ አጠፋ፣ አቀዘቀዘ፣ ቀየረ፣ አበራ። ያው ነው። ቀጥሎ “ዕርጥበቱ ነው” ተባለና ቬንትሌተሩ ተከፈተ። ያው ነው። ቀጥሎ የስፒከሮቹ ቦታ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ሶፋው ነው ተባለና አባባ ሳንን ከነተቀመጡበት ወደ ኋላ ገፏቸው። ሽማግሌው ቡናቸው እንዳይደፋ ከፍ አድርገው ያዙት።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ቶዋ ታውቃለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እጆቿን በፎጣ ደጋግማ ታደርቃለች፤ እጆቿ ግን ደረቅ ነበሩ።

“እንዴት አገኙት አባባ?” አለ ሎክ በመጨረሻ።

“ቡናው ጥሩ ነው” አሉ አባባ ሳን።

ሎክ “በረዶ ልጨምርልዎት” ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ። መጋረጃው እንደተዘጋ የሚስቱን ክንድ ያዘ።

“ሞትኩልሽ! ምን ሆኖ ነው?”

“ቀኙን ስትጠቀልል ከማሽኑ ላይ አውርደኸው ነበር?” አለች በሹክሹክታ።

“አላወረድኩም… ቆይ። ለምሳ። ምሳ ስበላ ቦታ እንዳይዝ አወረድኩት።”

“መልሰህ ስትሰቅለው ገልብጠኸዋል። ቀሪው ጥቅል ዞሮ ነው የሄደው። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል።”

“ሞክሬው ነበር እኮ! በትክክል ይዘፍን ነበር!”

“በስንት ስፒከር ሞከርከው?”

ሎክ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን ስፒከር ቢን ለሠርግ ተውሶት ነበር፤ ሎክ ግራና ቀኙን በየተራ፣ በአንድ ስፒከር ብቻ ነው የሞከረው። ለየብቻ ሁለቱም ደህና ናቸው። አብረው ሲሠሩ ነው የሚጣሉት።

“ምን ላድርግ?”

“የቀኙን ስፒከር ሁለት ገመዶች አቀያይር። ቀዩን በጥቁር።”

ሮጦ ወጣ። ተንበርክኮ አቀያየረ። ዘፋኟ ከሁለቱም ግድግዳ ተሰብስባ መሀል ቆመች፤ ከበሮው ደረት መታ፤ ትንፋሿ ሳይቀር ተሰማ። ቢን ከመቀመጫው ዘለለ።

“እሰይ! አንተ ሊቅ! እኔ ሶፋ ስገፋ እሱ ነገሩን አገኘው!”

አባባ ሳን ሸክላው እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ገለጡ።

“በረዶውን ግን ረሳኸው” አሉ።

“አቤት?”

“በረዶ ልታመጣ ገብተህ መፍትሔ ይዘህ ወጣህ። በረዶው የለም። አጥፋውና ልየው።”

ሎክ አጠፋው። አባባ ሳን ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ባትሪ አውጥተው ጎንበስ አሉ፤ መጀመሪያ ወደ ግራው ጥቅል፣ ከዚያ ወደ ቀኙ፣ ተመልሰው ወደ ግራው አበሩ። ብዙ ቆዩ።

“የግራው ወረቀት ሰፋ ብሎ ጫፉ እንደ ማበጠሪያ ተተልትሏል” አሉ። “የቀኙ አልተተለተለም። ግራውን ለምን እንደዚህ አደረግከው?”

ሎክ ወረቀቱን እንዲህ ሲተለተል ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ አንድም ቀን ግን ለምን ብሎ አልጠየቀም።

“ለ… ለአየር ነው” አለ። “ሲግል እንዲተነፍስ።”

“አዎ፣ ለአየር ነው!” አለ ቢን ወዲያው፣ ከተወለደ ጀምሮ እንደሚያውቀው ሁሉ።

ቶዋ አሥራ አንድ ዓመት ችላለች። “እኔ” ሲባል ችላለች፤ “የሎክ እጅ ወርቅ ነው” ሲባል ሻይ እየቀዳች ችላለች። ይህን ግን አልቻለችም። ስሟን ቢወስዱት ስም ነው፤ ሥራዋ ግን ሞኝ ሆኖ ሲቆም ማየት ሌላ ነገር ነው። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

“ለአየር አይደለም” አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

“የዳር ዳሩ ሽቦ ወደ ታችኛው ድርብ ሾልኮ እንዳይገባ ነው፣ አባባ። ጫፉ ከተተለተለ ወደ ላይ ይታጠፍና እንደ አጥር ይይዘዋል። ሾልኮ ከገባ አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም።”

“ማን አስተማረሽ?”

“የተቃጠሉት” አለች ቶዋ። “እየፈታኋቸው። ሁሉም የሚቃጠሉት እዚያ ጋ ነው።”

አባባ ሳን ባትሪያቸውን አጠፉ። ቶዋ ወደ ወጥ ቤት ከተመለሰች ዳግመኛ እንደማትወጣ አውቃለች።

“አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?” አለች። “በዝናብ ወራት ጥቅሌ ይወፍራል። ሁሉ ነገር ያው ነው፤ ግን ብረቱ ውስጥ አልገባ ይለኛል። ስንት ዓመት አሰብኩት። ሽቦውን ጠበቅ ሳደርግ ይበጠሳል።”

“ወረቀትሽን የት ታስቀምጪዋለሽ?”

“መደርደሪያ ላይ።”

“ውኃ ይጠጣል። ሩዝ ቁዪ። ቡና እስኪመስል ቁዪው፣ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺና ወረቀቱን ሦስት ቀን ቅበሪው። ከቆርቆሮው ወደ ማሽኑ፣ እዚህም እዚያም ሳትዪ።”

“ሩዝ?”

“ሩዝ።”

ቶዋ ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። ሃምሳ ኪሎ ሩዝ ደረጃው ሥር ተቀምጦ ነበር። ወንበር ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ስለ ሽቦ ውፍረት ጠየቀች፤ ስለ ሙጫ ጠየቀች፤ ሽማግሌው ይመልሳሉ፣ እሷም አንዳንዴ “እኔ ግን እንዲህ ሳደርገው ይሻላል” ትላለች፣ እሳቸውም “እስቲ ድገሚው” ይላሉ። ቢን አፉን ከፍቶ አንዴ እሷን አንዴ ሎክን ያያል። ሎክ ጫማውን ያያል።

አባባ ሳን በመጨረሻ ቀና አሉ።

“ግራው የማን እንደሆነ አወቅሁ። ቀኙስ የማን ነው?”

ቶዋ ባሏን አየችው። በዚያ ነጭ ሸሚዝ ውስጥ በአንድ ጠዋት ያረጀ መሰላት። ቢን ይህን ነገር ከምሳ በፊት ገበያው ሁሉ እንዲሰማው ያደርጋል። እውነቱ በቃ ወጥቷል፤ የተገለበጠውን ጥቅል እንኳ “የኔ ነው፣ ያኔ አሞኝ ነበር” ብትልለት ምን ይጎድልባታል? አፏን ከፈተች።

“የኔ ነው” አለ ሎክ።

ከጫማው ቀና አለ። “ቀኙን እኔ ጠቀለልኩት። ምሳ በልቼ ገለበጥኩት። ገመዱንም አቀያይር ያለችኝ እሷ ናት። ግራው የሷ ነው። ከዚህ ቤት የወጡትም ሁሉ የሷ ናቸው። እኔ ከዚህ ከቀኙ በቀር አንድም ጠቅልዬ አላውቅም።”

“የኔ አምፕሊፋየርስ?” አለ ቢን።

“እሱም የሷ ነው።”

“ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመሰገንኩት የማይገባውን ሰው ነው!”

“መቼ አመሰገንከኝ? ቅናሽ ስትጠይቀኝ ነው የኖርከው።”

ቢን ሊስቅ ጀምሮ የሎክን ዓይን ሲያይ ተወው። ተነሥቶ የተገፋውን ሶፋ ብቻውን ወደ ቦታው ሊመልስ ሞከረ፤ አባባ ሳን አሁንም ተቀምጠውበታልና አልሆነለትም።

ሽማግሌው ባትሪያቸውን እንደገና ወደ ቀኙ ጥቅል አበሩ። “መጥፎ አይደለም” አሉ። “ለመጀመሪያ ጥቅል። የኔ የመጀመሪያው ተቃጥሎ መጋረጃ አቃጥሏል።” ወደ ቶዋ ዞሩ። “ነገ በሁለት ሰዓት። ምሳሽን ይዘሽ ነይ፤ ባለቤቴ ለተማሪ አታበስልም።”

“እጄ ላይ የተጀመረ ሥራ አለ” አለች ቶዋ። “ለሐሙስ ቃል ተገብቷል።”

“ማን ነው ቃል የገባው?”

ቶዋ እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች። የደንበኞቹ ቁጥር ሁሉ ያለው በእሱ ስልክ ላይ ነው። ሎክ ከደረት ኪሱ አወጣው፣ የደንበኛውን ስም ፈለገላት፣ ደወለ፣ ሰጣት። እስኪነሣ ድረስ ሦስት ጊዜ ጠራ።

“ሎክ ወንድሜ!” አለ ከዳላት ከተማ የሚመጣ የሰው ድምፅ። “ትራንስፎርመሬ ደረሰልኝ?”

‘የሎክ ሚስት ነኝ’ የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

“ቶዋ እባላለሁ” አለች። “ትራንስፎርመርዎን የምጠቀልለው እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትምህርት አለኝ፤ አንድ ሳምንት ይዘገያል።”

“ሎክስ?” አለ ሰውየው።

ቶዋ ሎክን አየችው። ሎክ የቀኙን ጥቅል ከአምፕሊፋየሩ ላይ ለማውጣት ብሎን መፍታት ጀምሮ ነበር።

“ሎክ አለ” አለች። “አምፕሊፋየሩን እየሠራ ነው።”